አፉ የተሰፋ ኪስ

ኮልፌ ቀራንዮ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእማሆይ ወርቅአፈራሁ
ኢየሩሳሌም

ጾሙን በሰላም አስፈጽሞ ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርስዎ እያልኩ፣ ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ። እኔና ወንድሜ ማሙሽ አምላክ ይመስገን ጤና ነን። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልዎ ተሳላሚዎችን ይዛ የምትመጣው ጎረቤታችን ሰርኬ ናት። አሁንም ሻንጣዋን ይዛ በራፌ ላይ ቆማ «ጨረስሽ? ጨረስሽ?» እያለችኝ ነውና ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አይፍረዱብኝ።

ትልቅ ወሬ አለኝ። አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ ተቀጥሬ የምሠራበት የልብስ ስፌት ቤት ባለቤት ወይዘሮ አልፊያ፣ ሐዋሳ ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ነው። ቤቱን ከነስድስቱ የስፌት መኪና ለኔ ሊያስረክቡኝ አስበዋል። «አንቺ ልጅ፣ አሥር ዓመት ጨርቅ ስትቆርጪ አይቻለሁ። ካንቺ ሌላ ለማንም አልሰጥም» አሉኝ። ፈቃዱ በስሜ እንዲወጣ ግን የብቃት ምዘናውን ማለፍ አለብኝ። ኮሌጁን ከጨረስኩ ስምንት ዓመት ሆኖኛል፤ ምዘናውን ግን አንዴ አሞኝ፣ አንዴ ምዝገባው አልፎኝ ሳልፈተን ቀረሁ። አሁን ግንቦት ላይ ነው። በአምስት ሰዓት ውስጥ አንድ ሸሚዝ ቆርጦ ሰፍቶ ማስረከብ ነው። እኔ በሦስት ሰዓት እጨርሰዋለሁ።

ማሙሽ ሚኒባስ መንዳት ጀምሯል፣ ከማዞሪያ መርካቶ። መንገዱ ያስፈራኛል። በቀን ስድስት ሰባቴ እደውልለታለሁ። ሲሰለቸው «ሃሎ» ማለቱን ትቶ «አለሁ!» ብሎ ማንሳት ጀምሯል። እባክዎ እዚያ ቅዱስ ቦታ ላይ ለሱ ይጸልዩለት። ለኔ እንኳን አያስፈልግም፣ የሱ ይበቃል።

ልጅዎ ሰብሌ መሸሻ


ኢየሩሳሌም፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰብሌ

ትንሣኤውን ያሳየን ጌታ አንቺንም ከተኛሽበት ሁሉ ያንሣሽ። ጉልበቴን መሳምሽን ተቀብያለሁ፤ የግራውን ግን ቀስ ብለሽ ሳሚ፣ ደረጃ መውጣት እምቢ ብሎኛል።

ስልክ ለምን አትይዢም እያላችሁ በየዓመቱ ትወቅሱኛላችሁ። እዚህ የያዙ አሉ፣ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን የናንተን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ኮልፌ እገባለሁ፤ ከዚያ ወጥቼ ወደ ጸሎቴ ለመመለስ ሳምንት ይፈጅብኛል። ወረቀት ይሻለኛል። ወረቀት ላይ ሰው የዘለለውን ነገር ማየት ይቻላል።

የዘለልሽውን ልንገርሽ? ፈተና የምትቀመጪው አንቺ፣ ጸሎት የምታዢው ለማሙሽ። ሃያ አምስት ዓመት የሞላው ጎረምሳ መሪ ይዞ ስለነዳ መነኩሲት ታልቅስለት፤ አንቺ ግን የእንጀራሽ ነገር ተይዞ ሳለ አያስፈልገኝም። ይህ ምን የሚሉት ነገር ነው? እኔ ለሁለታችሁም እጸልያለሁ፤ ፈቃድሽን አልጠየቅሁም።

አልፊያ ዐይን አላት፣ እመቤታችን ታክብራት። አንቺም እጅ አለሽ። እስኪ በዚያ እጅሽ ጥቁር ቀሚስ ስፊልኝ። ኪስ ይኑረው፤ ሁለት ጥልቅ ኪስ፣ መነጽሬን፣ ቁልፌንና የጉልበቴን ክኒን የምከትበት። እዚህ የሚሰፉልን ቀሚስ ኪስ የለውም። መነኩሲት የምትይዘው ነገር የላትም ብለው መሰለኝ።

አክስትሽ እማሆይ ወርቅአፈራሁ


ኮልፌ ቀራንዮ፣ ነሐሴ 1 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለተከበሩ እማሆይ

ፍልሰታን በበረከት ያስጀምርዎ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ሳልጽፍ መቆየቴን አውቃለሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ የሠርግ ወቅት ነበር፣ ከዚያ ደግሞ የተማሪዎች ዩኒፎርም መጣ።

ምዘናው ግንቦት ላይ ነበር። ተቀምጬ ሁለት ሰዓት ያህል እንደ ሠራሁ መብራት ሄደና ሳይጨረስ ቀረ። ለጥቅምት ተላልፏል። ወይዘሮ አልፊያ ትንሽ ቅር አላቸው፤ ቢሆንም «እጠብቅሻለሁ» ብለዋል።

ቀሚስዎን ቆርጬዋለሁ። ጨርቁን መርካቶ ሦስት ቀን ተመላልሼ ነው የመረጥኩት፤ ብርድ የማያስገባ፣ የማይከብድ። አንዴ ሰፍቼው ነበር፣ አንገቱ አላማረኝም፣ ፈታሁት። እንደገና ሰፋሁት፣ እንደገና ፈታሁት።

ይህን ስጽፍ አራቴ ተነሥቼ ተቀምጫለሁ። የማሙሽ ስልክ ዝግ ነው። ፌርማታው ድረስ ሄጄ አንዱን ረዳት ጠየቅሁት፣ አላየሁትም አለኝ።

አሁን ደወለ። ባትሪው አልቆ ነው። ሌላ የምጽፈው ጠፋኝ፤ ሰርኬም መጣች።

ሰብሌ


ኢየሩሳሌም፣ ነሐሴ 20 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለሰብሌ

የእመቤታችን በረከት አይለይሽ። ሰርኬ እዚህ አጠገቤ ቁጭ ብላ ሰላሳ ወሬ ስትነግረኝ አንዱ ስላንቺ ነበር። አብራሽ የምትሠራው ሶሊ ምዘናውን አልፋለች አለችኝ። በዚያው ቀን፣ በዚያው አዳራሽ። መብራቱ ለሶሊ ብቻ ነው የበራው?

አልቆጣም ብዬ ነበር የጀመርኩት። ተቆጥቻለሁ።

የቀሚሱን አንገት መፍታትሽን ተዪ። አንገቴን የሚያይልኝ የለም። ኪሱን ብቻ አትርሺ። እውነቱን መጻፍ ካቃተሽ ባዶ ወረቀት ላኪልኝ፤ ከውሸት እሱ ይሻለኛል።

እማሆይ ወርቅአፈራሁ


ኮልፌ ቀራንዮ፣ ጥቅምት 30 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእማሆይ ወርቅአፈራሁ

ለጤናዎ እንደምን ነዎት? ቀሚስዎን በሰርኬ እጅ ልኬዋለሁ። ሁለት ኪስ አለው።

መብራት አልሄደም። ዋሽቻለሁ። ሁለት ሰዓት ሠርቼ እጅጌውን ልገጥም ስል ተነሥቼ ወጣሁ። ለምን ብለው አይጠይቁኝ።

ለጥቅምቱ ደግሞ መታወቂያዬ ጠፋ። ያለ መታወቂያ አያስገቡም። ሦስት ቀን ሙሉ ቤቱን ገለበጥኩት፤ ፍራሹን ቀደድኩ፣ የዱቄቱን ጣሳ ሳይቀር ደፋሁ። ይህ ውሸት አይደለም፣ በመድኃኔዓለም። ወረዳ ሄጄ ምትክ ጠየቅሁ፣ ቀጠሮ ሰጥተው መለሱኝ። ፈተናው አለፈ። ወይዘሮ አልፊያ «እስከ ፋሲካ ነው፤ ከዚያ በኋላ አልችልም» አሉኝ። ቤቱን የሚፈልግ አንድ ነጋዴ በየሳምንቱ እየመጣ ግድግዳውን ይለካል። ሜትሮውን ከኔ ነው የሚዋሰው።

አንድ ነገር ልናገርና ይቅር ይበሉኝ። እዚያ ሆኖ መምከር ይቀላል። እናቴ በላይነሽ ስትሞት አርባዋን አውጥተው፣ የማሙሽን እጅ በእጄ አስይዘው፣ «አደራ» ብለውኝ የሄዱት እርስዎ ነዎት። እሱ ስምንት ዓመቱ ነበር፣ እኔ አሥራ ስድስት። አደራዎን ጠብቄያለሁ። ልጁ ቆሞ ይሄዳል፣ ሚኒባስ ይነዳል። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጉብኛል?

ሰብሌ


ኢየሩሳሌም፣ ኅዳር 16 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰብሌ

ሰላሙን ይስጥሽ። ቀሚሱ ደረሰኝ፣ ለብሼው ነው የምጽፍልሽ። ልኬን ሳትወስጂ እንዲህ መስፋትሽ ያስገርማል። በግራው ኪስ መነጽሬን ከተትኩ። በቀኙ ቁልፌን ልከት ብል እጄ አልገባ አለ። አፉ ተሰፍቷል። ለዚያውም በድርብ ስፌት።

ሰው ይሳሳታል አልኩ። ስዳብሰው ግን ውስጡ የሚጠነክር ነገር አለ። ከአንዲት እህት መቀስ ተውሼ ፈታሁት። አንቺ ነሽ። ፎቶሽ፣ ስምሽ፣ የወረዳሽ ማኅተም። ፍራሽ ቀደሽ ዱቄት ደፍተሽ ስትፈልጊው የነበረውን መታወቂያ አንቺው ከተሽ፣ አንቺው ሰፍተሽ፣ ባሕር አሻግረሽ ልከሽልኛል።

መጀመሪያ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ከዚያ ፎቶሽን ሳየው ሳቄ ጠፋ። ሰብሌ፣ አንቺ ኪስ መስፋት የጀመርሽው ትናንት አይደለም። ያንን ድርብ ስፌት የሰፋው እጅሽ ያደረገውን ያውቃል። ከምን እየሸሸ እንደ ሆነ ንገሪኝ።

ስለ አደራው የጻፍሽውን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። መልስ አለብኝ። አስቀድመሽ ግን አንቺ ጻፊልኝ። መታወቂያሽን በሰርኬ እጅ መልሼዋለሁ፤ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ እንድታመጣው አስምያታለሁ።

አክስትሽ


ኮልፌ ቀራንዮ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእማሆይ

ለልደቱ በሰላም ያድርስዎ። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ አምስተኛ ወረቀቴ ነው፤ አራቱን ቀድጃለሁ። ስለዚህ ሳላቆም ልጻፈው።

እርስዎ በሄዱ በዓመቱ፣ ግንቦት 1998፣ ማሙሽ ማጅራት ገትር ያዘው። በኋላ ታሞ ነበር ብዬ ጽፌልዎ ነበር፤ ሌላውን አልጻፍኩም። ሐኪሙ «ዛሬን ካደረ ጥሩ ነው» አለኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዬ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። ከሆስፒታሉ በእግሬ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ሄድኩ። ሰው ጃንጥላ ይሳላል፣ ምንጣፍ ይሳላል፣ ሻማ ይሳላል። እኔ የምሳለው ምንም አልነበረኝም። ግድግዳውን ይዤ «እሱን ተውልኝ። ለራሴ ምንም አልፈልግም። በዕድሜዬ አንዲት ነገር ለራሴ ብፈልግ ያን ጊዜ ውሰደው» አልኩ። እማሆይ፣ በልቤ አይደለም ያልኩት። ጮክ ብዬ ነው። አንዲት ሴትዮ ዞር ብላ አይታኛለች።

በማግሥቱ ዐይኑን ገልጦ ውሃ አለ።

ከዚያ ወዲህ ነገር ሊሳካልኝ ሲል ማሙሽን ፍለጋ እሮጣለሁ። ኢዮስያስ ሽማግሌ የላከ ሳምንት ማሙሽ ከብስክሌት ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ሽማግሌዎቹን መለስኳቸው። ለእርስዎ «ጠባዩ አልጣመኝም» ብዬ ነበር የጻፍኩት። የልጁ ጠባይ ማር ነበር። አሁን ሦስት ልጆች አሉት፣ ሱሪውን የማሳጥርለት እኔ ነኝ።

ምዘናው ላይ ስልክ በር ላይ ይሰበሰባል። አምስት ሰዓት ሙሉ። ያን ቀን እጅጌውን ልገጥም አነሣሁና ሸሚዙን አየሁት፤ አማረኝ። ማማሩን እንዳየሁ ማሙሽ ሞተ አልኩ። መቀሱን ጥዬ ሮጥኩ። ስልኬን ተቀብዬ ስደውልለት «አለሁ!» አለኝ። በር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ዘበኛው ፈተናው የከበደኝ መስሎት «አይዞሽ፣ ለሚቀጥለው» አለኝ።

መታወቂያውንም አስታወስኩ። ለፈተናው እንዳይጠፋብኝ ብዬ እፊቴ ባለው ልብስ ኪስ ከተትኩት። ልብሱ የእርስዎ ነበር። ከዚያ መስፋቴን ቀጠልኩ።

ቤቱን እፈልገዋለሁ፣ እማሆይ። እውነቱ ይህ ነው። ስሜ በሩ ላይ ተጽፎ ማየት እፈልጋለሁ። ይህን ስጽፍ እንኳ ብዕሬን አስቀምጬ ደውዬለታለሁ። ስእለት ይፈታል? ወይስ እንዲህ ሆኜ ልሙት?

ሰብሌ


ኢየሩሳሌም፣ ጥር 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለእህቴ ልጅ፣ ለሰብሌ

በበረት የተወለደው ጌታ ቤትሽን አይናቅ። ደብዳቤሽን ሦስት ቀን ይዤው ዞርኩ፣ በቀኙ ኪስ።

ከኔ ልጀምር። በላይነሽ ስትሞት ለመመንኮስ ካሰብኩ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። እናንተ እስክትጠነክሩ አምስት ዓመት ብጠብቅ መድኃኔዓለም በሩን አይዘጋብኝም ነበር። አልጠበቅሁም። ከቆየሁ እቀራለሁ ብዬ ፈራሁ። ፍርሃቴንም ጥሪ ነው ብዬ ለሰው ተናገርኩ። «አደራ» ብዬ የልጁን እጅ ያስያዝኩሽ ለሱ አስቤ ብቻ አልነበረም፤ ወደ ኋላ ሳላይ እንድሄድ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት የሆናት ልጅ ላይ ጭኜ ሄድኩ። ይቅር በዪኝ። አሁኑኑ ባትችዪ እጠብቃለሁ።

አደራዬን ዛሬ ተረክቤያለሁ። በጽሑፍ ይሁንልሽ፦ ማሙሽ መሸሻ ከጥር 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአንቺ አደራ ሥር አይደለም። ልትወጂው ትችያለሽ፤ ዘብ መቆም ግን በቃሽ።

ስእለቱን በተመለከተ እኔ ካህን አይደለሁም። ወደ ንስሐ አባትሽ ወደ አባ ተክለማርያም ሂጂና ለኔ እንደ ጻፍሽው ንገሪያቸው፣ ሳታሳጥሪ። እንደ አክስት ግን ልናገር፤ ተናድጃለሁ። ልጅ መያዣ አድርጎ የሚያስፈራራው ያንቺ አምላክ፣ እኔ በየማለዳው ደጁን የምጠርግለት አይደለም። አላውቀውም።

ሌላው ይከብድሻል። ለማሙሽ ንገሪው። አሥራ ሰባት ዓመት በሱ ስም የሆነውን ነገር ሳያውቅ መኖሩ ልክ አይደለም።

መፍራቱ ይቆምልሻል ብዬ አልዋሽሽም። እኔ ደረጃውን በወረድኩ ቁጥር ጉልበቴን እፈራዋለሁ። ቅዳሴው ግን ታች ነው።

ወርቅአፈራሁ


ኮልፌ ቀራንዮ፣ መጋቢት 28 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምወድዎ አክስቴ ለእማሆይ

ሰሙነ ሕማማቱን በብርታት ያሳልፍዎ። ሰርኬ ዛሬ ከሰዓት ትነሣለች፤ እኔም እንደ ልማዴ እየተቁነጠነጥኩ እጽፋለሁ።

አባ ተክለማርያም ዘንድ ሄድኩ። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ስጨርስ «ልጅ ነበርሽ እኮ» አሉኝ። እንዲህ ያለ ቃል የሰማሁት ገና ያን ቀን ነው። ቀኖና ይሰጡኛል ብዬ ስግደት ስጠብቅ «ቀኖናሽ፣ ለራስሽ አንድ ነገር ትለምኛለሽ» አሉኝ። እዚያው ልለምን ሞከርኩ፤ አፌ አልከፈት አለኝ። «ቀን አልቆረጥኩብሽም» ብለው አሰናበቱኝ።

ለማሙሽ የነገርኩት ማዞሪያው ላይ ተራ ሲጠብቅ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ነው። ይስቅብኛል ብዬ ነበር። አልሳቀም።

«እና እኔ ምንድን ነኝ? መያዣ?» አለኝ።

«ላድንህ ብዬ ነው።»

«አንዴ ድኛለሁ እኮ! ይህን ሁሉ ዓመት ስትደውዪ ስለምትወጂኝ ይመስለኝ ነበር።»

«እወድሃለሁ።»

«የምትደውዪው ፈርተሽ ነው። ኢዮስያስንም በኔ ነው የመለስሽው?»

ወርዶ ጎማውን በእርግጫ መታው። ረዳቱ ጎማው የተነፈሰ መስሎት ጎንበስ ብሎ ያይ ጀመር። ከዚያ ማሙሽ በመስኮቱ በኩል «ሁለተኛ በኔ ስም ከምንም ነገር እንዳትቀሪ» ብሎኝ ሄደ።

ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ። ስልኬን አያነሣም። በሕይወት መኖሩን የማውቀው ሳህኑን ባዶ ሳገኘው ነው። እማሆይ፣ እነዚያን ሁለት ሳምንታት እንዴት እንዳለፍኩ አልጽፍልዎትም። ግን አለፉ። በመጨረሻው ቀን እስከ ምሳ ሰዓት ሳልደውል እንደ ዋልኩ ያወቅሁት ሶሊ ስትነግረኝ ነው።

የምዘናው ቀን የዛሬ ሳምንት ነበር። ማሙሽ ሳልጠራው መጥቶ በር ላይ ቆሞ ክላክስ አደረገ። መንገድ ላይ አላወራንም። ስንደርስ እጁን ዘረጋና «ስልኩን አምጪ፣ እኔ ጋ ይቀመጥ። ለማን ልትደውዪ ነው?» አለኝ። ሰጠሁት።

ቆረጥኩ። ኮሌታውን ሠራሁ። እጅጌው ላይ ስደርስ እንደ ያኔው መጣብኝ። ሸሚዙ አምሯል፣ እሱ ሞቷል። ተነሣሁ። ፈታኟ «ጨረስሽ?» አለችኝ። በሩ አምስት እርምጃ ነው። ውጭ አንድ ረዳት «አሥራ ስምንት! አሥራ ስምንት ማዞሪያ!» እያለ ይጮሃል። የማሙሽ ረዳት ይሁን የሌላ አላወቅሁም። ማወቅ አልችልም ነበር። «መስኮቱን ልከፍት ነው» አልኳት። ከፈትኩትና ተመልሼ ተቀመጥኩ። የግራውን እጅጌ ሁለቴ ፈትቼ ነው የገጠምኩት። ሰዓቱ ሊያልቅ ሰባት ደቂቃ ሲቀረው አስረከብኩ። ሦስት ሰዓት ይበቃኛል ብዬ ለእርስዎ ፎክሬ ነበር፣ ያንን ይሰርዙልኝ።

ውጤቱ የፊታችን ሰኞ ነው። ወይዘሮ አልፊያ እስከ ፋሲካ ብለው የለ፣ ስለዚህ አላለፈኝም። ነጋዴው ትናንትም መጥቶ ሜትሮ አዋሺኝ ብሎ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ «ሥራ ላይ ነው» ብዬ ከለከልኩት።

ይቅር በዪኝ ላሉኝ፣ ገና አልጨረስኩም። ጀምሬያለሁ ግን። ለበጋው የሚሆን ሳሳ ያለ ቀሚስ ቆርጬልዎታለሁ። ኪሶቹን መጨረሻ ላይ እሰፋቸዋለሁ፣ እጄን ከትቼ ካየሁ በኋላ።

ትናንት የመድኃኔዓለም በዓል ነበር። ሰው ስለበዛ ወደ ውስጥ መግባት አልቻልኩም፤ ያንን ግድግዳ ግን አገኘሁት። እጄን አስደግፌ ቆምኩ። ከዚያ ጮክ ብዬ፣ እንደ ያኔው፣ «እንዳልፍ አድርገኝ። ቤቱን እፈልገዋለሁ። ለራሴ» አልኩ። አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው አይተውኝ «አሜን» አሉ።

ወደ ቤት ስመለስ ሮጥኩ ልበል፣ ሄድኩ ልበል፣ አላውቅም። እሱ ማታ ገብቶ በላ፣ ተኛ።

ዛሬ ጠዋት ማሙሽ ተነሣና ሻዩን ቀምሶ ስኳር አነሰው ብሎ ተቆጣኝ።

ልጅዎ ሰብሌ